ስለ ሲሳይነሽ ሠላሳ ክኒኖችና ስለ ኮሚቴዎ ሦስት ቁልፎች

ጥቅምት 24 ቀን 1977 ዓ.ም.
ዋንዛ በር

ለጓድ ደርበው እጅጉ
የዋንዛ በር ጤና ጣቢያ ኃላፊ፣ የአብዮት በዓል የፈረስ ግልቢያ ንዑስ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ እንዲሁም በቅርቡ የተቋቋመው ያለአግባብ የመድኃኒት አጠቃቀም ተከላካይ ኮሚቴ ሊቀ መንበር

ጉዳዩ፦ ምስጋና ስለ ማቅረብ

እጅግ የማከብርዎ ጓድ ደርበው፣

እንደምን ከርመዋል? በዚህ በመኸር ብርድ ጉንፋን እንኳ እንዳይነካዎ፣ የሚበሉት እንዲስማማዎ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ እንቅልፍዎ የተሟላ እንዲሆን ከነቤተሰቤ እመኝልዎታለሁ። እንቅልፍን ለይቼ ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ስለ ሌላ ሰው እንቅልፍ የእርስዎን ያህል የሚጨነቅ ኃላፊ በአውራጃችን እንደሌለ ስለማውቅ ነው።

ምናልባት ረስተውኝ ከሆነ፣ እኔ ክንፈሚካኤል ታከለ እባላለሁ። ማክሰኞና ሐሙስ ፍኖተ ሰላም ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ጠረጴዛዬን ዘርግቼ ለባላገሩ ማመልከቻ የምጽፍ ራፖር ጸሐፊ ነኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የሰው በደል ስጽፍ ኖሬ የራሴን አንድ ቀን ጽፌ አላውቅም ነበር። «ከእግርዎ ሥር ወድቄ አመለክታለሁ» የሚለውን ሐረግ ለሌሎች ስንት ሺህ ጊዜ እንደጻፍኩት ቆጥሬ አልጨርሰውም፤ ዛሬ ለራሴ ስሆን ግን እጄ እምቢ ስላለኝ ሐረጉን ትቼዋለሁ፤ ለዚህ ድፍረቴ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

ደብዳቤውን በጤና ጣቢያው በር፣ በቀበሌው የማስታወቂያ ሰሌዳና በወፍጮ ቤቱ ግድግዳ ላይ መለጠፌም እርስዎን ለማሳጣት አይደለም። ከዚህ በፊት በፖስታ አሽጌ በእጅዎ የሰጠሁዎ ሦስት ደብዳቤዎች ሦስቱም እንደጠፉብዎ በሐዘን ስለነገሩኝ፣ ግድግዳ በቀላሉ አይጠፋም ብዬ ነው።

ባለቤቴን ወይዘሮ ሲሳይነሽ ቢሰጥን እርስዎ ያውቋታል፤ ይህን የሚያነብ ሌላ ሰው ግን ላያውቃት ስለሚችል ሁለት ቃል ልበል። ሲሳይነሽ ከልጅነቷ ጀምሮ እንቅልፍ ሳታስበው የሚጥላት ሴት ናት። መንገድ ስትሄድ ይጥላታል፣ ስታወራ ይጥላታል፣ እህል ስታበጥር ሰፌዱን እንደያዘች ይጥላታል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ስትስቅ ጉልበቷ ይከዳትና እንደ ባዶ ስልቻ ተጣጥፋ መሬት ላይ ትቀራለች። ስለዚህ ቤታችን ቀልድ የተከለከለበት ቤት ነበር፤ እኔ በተፈጥሮዬ ተረበኛ ሰው ሆኜ አሥራ አራት ዓመት ሚስቴን እንዳላስቅ ስጠነቀቅ ኖሬያለሁ። ዛር ነው ያሉ ነበሩ፣ ቡዳ ነው ያሉ ነበሩ፣ ስንፍና ነው ያሉትም አልጠፉም። ጠበልም ወስደናት ነበር፤ ተራዋ ደርሶ ሲጠሯት ከደጀ ሰላሙ ግንብ ሥር ተኝታ ተገኘች።

አምና በኅዳር ወር ባሕር ዳር የሚሠራ አንድ ሐኪም መርምሮ በሽታዋ ስም ያለው በሽታ መሆኑን ነገረን። ስም ያለው በሽታ መታመም ምን ያህል እንደሚያጽናና ያላየው አያውቀውም። በየጠዋቱ አንድ የማንቂያ ክኒን አዘዘላት። ክኒኑ ለጤነኛ ሰው ልብ የሚያስሮጥ፣ ሱስም የሚያስይዝ በመሆኑ በልዩ ወረቀት እንደሚታዘዝ፣ የወሩ ሠላሳ ክኒን በስሟ ወደ ጤና ጣቢያዎ ተልኮ እንደሚቆለፍበትና ወር በገባ ቀን ለእርሷ ብቻ እንደሚሰጥ አስረዳን። እርሷንም «ከአንድ በላይ እንዳትወስጂ፣ ለማንም አንዲት እንዳትሰጪ» ብሎ አስማላት። እኛ አገር መድኃኒት ያለው ሰው ከጎረቤቱ ተካፍሎ እንደሚውጥ እርስዎም ያውቃሉ፤ ራስ ምታት የያዘው ሁሉ ደጃችንን መምታቱ አልቀረም። ሲሳይነሽ ግን መሐላዋን ጠብቃ አበልጇን እንኳ ባዶ እጇን ስለመለሰቻት ሁለት ወር ተኳርፈዋል።

እንግዲህ አሥር ወር ነቅታ ኖረች። ቅዳሴ ከመጀመሪያው እስከ ስንብቱ ቆማ አስቀደሰች። ሁለት ጊዜ ተኝታ የወደቀችበትን የመሠረተ ትምህርት ፈተና አልፋ የምስክር ወረቀት ተቀበለች። እኔም አንድ ቀን እራት ላይ ሳላስበው ቀልድ አመለጠኝና፣ በድንጋጤ ልደግፋት ስነሣ፣ እርሷ እየሳቀች ቁጭ እንዳለች ቀረች። ያን ጊዜ ምን እንደተሰማኝ ብጽፈው ኮሚቴዎ ስሜታዊነት ነው ብሎ ስለሚነቅፈኝ ልተወው አስቤ ነበር። አለቀስኩ፤ ይኸው ጻፍኩት።

ከዚህ ቀጥሎ ምስጋናዬን እንደ ሥራዬ ልማድ በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ስለ ጳጉሜን አመሰግናለሁ። ጳጉሜን አንድ ቀን ሲሳይነሽ ክኒኗን ልትወስድ በመጣች ጊዜ፣ በመዝገብዎ ላይ የተሠመሩት ዓምዶች አሥራ ሁለት ብቻ መሆናቸውን በጣትዎ እየቆጠሩ አሳይተው፣ ለጳጉሜን ዓምድ ስለሌላት መድኃኒትም እንደሌላት በትዕግሥት አስረድተዋታል። ሐኪሙ አስቦ አምስቱን ክኒን በተለየ ወረቀት ጠቅልሎ፣ ስሟን ጽፎበት ልኮ ነበር። እርስዎ ግን፣ ሕዝቡ «ዶክተር» ብሎ ሲጠራዎ በትሕትና ዝም የሚሉት እርስዎ፣ ዓምድ በሌለው ቀን የተዋጠ ክኒን ለሪፖርት እንደማይመች ከሐኪሙ ቀድመው ተረዱ። በሽታው መዝገብ ማንበብ ባለመቻሉ አምስቱንም ቀን ያለ ዕረፍት ጣላት፤ እኔም ሥራዬን ትቼ ቤት ዋልኩ። አምስቱ ክኒኖች የት እንደደረሱ እስከ ዛሬ አልጠየቅኩዎትም፤ ይህን እንደ ጨዋነት ይቁጠሩልኝ።

ሁለተኛ፤ ስለ መስከረም አመሰግናለሁ። በአዲሱ ዓመት የመጀመሪያ ቀን ስድስት ክኒን ሰጥተዋት፣ የቀረው ሃያ አራቱ ከባሕር ዳር ገና በመንገድ ላይ መሆኑን ነግረው መልካም ዓመት ተመኝተውላታል። መንገድ ላይ መሆኑስ እውነት ነበር፤ ወዴት የሚሄድ መንገድ እንደሆነ ግን የነገረኝ ሌላ ሰው ነው።

ይህ ሰው አለኸኝ ነው። አለኸኝ ከቡሬ ወዲያ ማዶ የሚያርስ፣ የአገው ተወላጅ የሆነ፣ በግልቢያ ስሙ የታወቀ ጎልማሳ መሆኑንና ዳማ ፈረስዎን ለአሥረኛው የአብዮት በዓል እንዲጋልብልዎ ቤቱ ድረስ ሄደው የለመኑት መሆኑን ያስታውሳሉ። በመስከረም መጨረሻ ትከሻውን በወጌሻ አስጠግኖ፣ ክንዱን ባንገቱ አንጠልጥሎ፣ ማመልከቻ ሊያጽፍ ወደ ጠረጴዛዬ መጣ። ቃሉን እንዳለ አስቀምጠዋለሁ። «አያ ክንፌ፣ ፈረሱን የሚያበሉት ሊጥ እኔስ ገብስና ጨው መስሎኝ ነበር። ሊጡ ውስጥ የተሰባበረ ነጫጭ ነገር አየሁና ምንድን ነው ይኸ ጌታው ብላቸው፣ አንዲት ሴትዮን ቀኑን ሙሉ የሚያቆም ነገር ፈረስን የት እንደሚያደርስ ታያለህ አሉኝ።» ስሌቱንም አልደበቁትም። ሴትዮዋ በቀን አንድ ትወስዳለች፣ ፈረሱ ስምንት ሴት ያህል ይመዝናል፣ ስለዚህ በቀን ስምንት፣ ለሦስት ቀን ሃያ አራት። ስሌትዎን እኔም ደጋግሜ ሠርቼ አይቼዋለሁ፤ ስምንት በሦስት ሲባዛ ሃያ አራት ነው፣ ስድስት ሲጨመርበት ሠላሳ ነው። በዚህ ሁሉ ውስጥ ያልተሳሳቱት ነገር ቢኖር ማባዛቱ ብቻ በመሆኑ ከልብ አደንቅዎታለሁ።

መስከረም ሁለት ቀን ከሜዳው ላይ የሆነውን የዋንዛ በር ሕዝብ ሁሉ አይቶታል። የአገው ፈረሰኞች ገብስ ብቻ የበሉ ፈረሶቻቸውን ይዘው በመስመሩ ላይ በሥርዓት ቆመዋል፤ የአሥር ዓመቱ ድል ሪፖርት እየተነበበ ነው፤ አንባቢው ገና ሦስተኛው ገጽ ላይ ናቸው። ዳማው ግን ሪፖርቱ እስኪያልቅ የሚታገሥበት ሆድ አልነበረውም። ባንዲራው ሳይወርድ ተፈተለከ፣ ከባሕር ዛፍ የተሠራውን የክብር ቅስት ጥሶ አለፈ፣ «ወደ ፊት» የሚል የተጻፈበት ቀይ ጨርቅ በአንገቱ ላይ እንደተጠመጠመ የቡሬን መንገድ ይዞ ሄደ። መፈክርን እንዲህ ቃል በቃል ሥራ ላይ ያዋለ በአውራጃችን ታይቶ አይታወቅም። ሌሎቹ ፈረሰኞች እስኪታዘዙ ድረስ ከመስመራቸው ስላልተነቃነቁ፣ እርስዎም የውድድሩ ሰብሳቢ ስለነበሩ፣ ቀድሞ የተነሣው ፈረስ አንደኛ መሆኑ ወዲያው ተወስኖ ዋንጫውን ከራስዎ እጅ በራስዎ እጅ ሲቀበሉ ሁላችንም አጨብጭበናል። በዚያው ሰዓት አለኸኝ ከአንድ ጅረት ዳር ተወርውሮ ትከሻው ተሰብሮ ነበር። ፈረሱም ያለ ጋላቢ ሲሮጥ ውሎ ቡሬ መግቢያ ላይ ወድቆ ሞተ። ስለ ፈረሱ አዝናለሁ። ምን እንደበላ አያውቅም ነበር፤ በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ያለ ምንም ቀልድ የምናገረው ይህንን ነው።

ሦስተኛ፤ ስለ ሪፖርትዎ አመሰግናለሁ። ስድስቱ ክኒን ከአለቀ ከአምስት ቀን በኋላ፣ መስከረም አሥራ አንድ ቀን፣ ሲሳይነሽ የላህን ወንዝ በድንጋይ ድንጋዩ ስትሻገር እንቅልፍ ጣላት። የክረምቱ ሙላት ገና ስላልጎደለ ውኃው ከወገብ በላይ ነበር። ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች ነጠላዋ ሲንሳፈፍ አይተው በነጠላው ጫፍ ጎትተው አወጧት። እርስዎ በማግስቱ ወደ ባሕር ዳር የላኩት ሪፖርት ግልባጩ በእጄ ይገኛል፤ እንዲህ ይላል፦ «ታማሚዋ የወሩን ሠላሳ ክኒን በስድስት ቀን ወስዳ በመጨረሷና በመድኃኒቱ ስካር ወንዝ ውስጥ ወድቃ በመገኘቷ፣ ያለአግባብ ተጠቃሚ መሆኗ በማያሻማ ሁኔታ ተረጋግጧል።» እዚህ ላይ እንደ ሙያ ባልደረባ ብዕርዎን ሳላደንቅ አላልፍም። እኔ ሃያ ሁለት ዓመት ስጽፍ፣ ንብረቷ የጠፋባትን ሴት በአንድ ዓረፍተ ነገር አጥፊ አድርጎ፣ ያጠፋውን ሰው ደግሞ ተቆርቋሪ አድርጎ ያቀረበ ጽሑፍ ገጥሞኝ አያውቅም። ጠረጴዛ ቢዘረጉ እንጀራዬን ይዘጉብኝ ነበር።

ሐኪሙ ከዚያ ሆኖ እውነቱን ሊያውቅ አይችልምና አግባብ ያለው መልስ ጻፈ። እስኪያያት ድረስ የወሩ ክኒን በእጇ አይሰጣት፤ በየጠዋቱ ወደ ጤና ጣቢያው እየመጣች አንድ አንድ በሰው ፊት ትዋጥ፤ ኅዳር አምስት ቀን ፍኖተ ሰላም ስመጣ መርምሬያት፣ ነገሩ እንደተባለው ከሆነ መድኃኒቱን ለዘለቄታው አቋርጣለሁ አለ። ይህ የማንኛውም አስተዋይ ሰው ውሳኔ ስለሆነ ቅር አላለኝም። «በሰው ፊት» የሚለውን ሁለት ቃል እርስዎ ምን እንዳደረጉት ግን ወደ አራተኛው ምስጋና ይወስደኛል።

አራተኛ፤ ስለ ኮሚቴው አመሰግናለሁ። «ሰው» ማለት አምስት ሰው መሆኑን፣ አምስቱም ካልተሟሉ ምልዓተ ጉባኤ እንደማይኖር፣ ምልዓተ ጉባኤ ከሌለ የክኒኑ ሣጥን እንደማይከፈት በደንብ ወስነው ያለአግባብ የመድኃኒት አጠቃቀም ተከላካይ ኮሚቴን መሠረቱልን። ሣጥኑ ሦስት ቁልፍ አለው። አንደኛው ቁልፍ ከእርስዎ ጋር ነው፤ ሁለተኛው አጨዳ ላይ ከከረሙት ከሴቶች ማኅበር ተወካይ ጋር ነው፤ ሦስተኛው ለስብሰባ ደብረ ማርቆስ ከሄዱት ከገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ጋር ነው። ሲሳይነሽ ከመስከረም ሃያ ስድስት እስከ ጥቅምት አሥራ ስድስት ሃያ አንድ ጠዋት የአንድ ሰዓት መንገድ ተጉዛ መጥታለች። ከሃያ አንዱ ጠዋት በአንዱም ክኒን አልዋጠችም። ይህን ያህል ጥብቅ የሆነ ቁጥጥር፣ ከታማሚዋ በቀር ማንንም የማይጎዳ ቁጥጥር፣ በሌላ ቦታ አይገኝም።

አምስተኛ፤ ጥቅምት አሥራ ስድስት ቀን ምልዓተ ጉባኤው ለመጀመሪያ ጊዜ ተሟላ። እኔም አብሬያት ስለነበርኩ ደስታዬን መደበቅ አቅቶኝ ነበር። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት ድረስ በሩን ዘግታችሁ የኮሚቴው ማኅተም ክብ ይሁን ሞላላ በሚለው ላይ ስትወያዩ፣ ሲሳይነሽ ከደጅ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ እየጠበቀች እንቅልፍ ወሰዳት። ክኒን ካየች አርባ ቀን ሆኗት ነበር። ስትወጡ ተኝታ አገኛችኋት። ቃለ ጉባኤ ቁጥር አራት እንዲህ ይላል፦ «ታማሚዋ በጤና ጣቢያው ቅጥር ግቢ ውስጥ ተኝታ በመገኘቷ መድኃኒቱ እንደማይሠራላት ስለተረጋገጠ፣ ተጨማሪ ክኒን መስጠት ብክነት መሆኑን ኮሚቴው በሙሉ ድምፅ ወስኗል።»

ይህን ቃለ ጉባኤ ቤት ወስጄ አነበብኩላት። ማንበብ አልነበረብኝም። ሲሳይነሽ ቃለ ጉባኤውን ሰምታ ሳቀች፤ «እሱንስ ሳይሰጡኝ አልሠራላትም ማለታቸው ነው?» ብላ ሳቀች፣ ጉልበቷ ከዳት፣ ግንባሯን የማድጋው ከንፈር ላይ መታችው። ጠባሳው ትንሽ ነው። የእርስዎን ቀልድ መቋቋም ያቃታት የእርሷ ድክመት ስለሆነ በዚህ ማንንም አልከስም።

ቀጥሎ ያለውን ምስጋና በቁጥር ልጽፈው አልቻልኩም። ጥቅምት አሥራ ስምንት፣ እሁድ፣ በቀበሌው ስብሰባ ላይ ስለ አደንዛዥና አነቃቂ መድኃኒቶች ጉዳት ሰፊ ትምህርት ሰጡ። ትምህርቱ ጥሩ ነበር። መጨረሻው ላይ ግን «ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም» ብለው በእጅዎ ወደ ሴቶቹ ወንበር አመለከቱ። ሦስት መቶ ሰው ዞሮ አያት። ሲሳይነሽ በዚያች ሰዓት እንደ ልማዷ እንቅልፍ ቢወስዳት በወደድኩ ነበር፤ ያን ቀን ግን ነቅታ ነበር። ከሦስት ቀን በኋላ የማርያም ማኅበር ተራዋ ነበር። ጠላዋን ጠምቃ፣ ዳቦዋን አዘጋጅታ ሳለ ማኅበርተኞቹ ሁለት ሴት ልከው «እታለም ሲሳይነሽ፣ የዚህ ወር ለሌላ ይለፍልሽ፣ እስኪተውሽ» አሏት። ማታ ለእኔ፦ «ክንፌ፣ ወንዙ አላመመኝም። ተራዬን መቀማቴ ነው ያመመኝ» አለችኝ። ጓድ ደርበው፣ ጠላሁዎት። በጨዋ አማርኛ ሌላ ቃል ብፈልግ አላገኘሁም፤ አክብሮቴ ግን እንዳለ ነው።

የኮሚቴዎ ዓላማ ስሕተት ነው እንዳልል ተጠንቅቄያለሁ፤ ስሕተት አይደለምና። ይህ ክኒን ላልታዘዘለት ሰው መጥፎ ነው። ፍኖተ ሰላም ላይ አንድ የማትሪክ ተፈታኝ ከየት እንዳገኘው የማይታወቅ ይህን መሳይ ክኒን ለአምስት ቀን ሲውጥ ከርሞ፣ ፈተናው ላይ የገዛ ስሙን መጻፍ እንዳቃተው አይቻለሁ። መከላከል ማለት ግን እኔ በምገምተው ቀላል ነገር ነው፦ ክኒኑ የታዘዘለት ሰው ብቻ እንዲውጠው ማድረግ፤ የመጣውንና የወጣውን ከሣጥኑ ባለቤት ሌላ የሆነ ሰው በየሳምንቱ እንዲቆጥረው ማድረግ፤ ከጎደለም ከሁሉ በፊት ሣጥኑ አጠገብ የሚቀመጠውን ሰው መጠየቅ። ከታማሚ የሚጀምር ቁጥጥር ከሣጥኑ ርቆ የሚሄድ ቁጥጥር ነው። ይህን የምለው ያለ ሕክምና ዕውቀት ስለሆነ፣ ከእርስዎ የሙያ ብቃት አንጻር እንደ ባላገር ወሬ ይቁጠሩልኝ።

እንግዲህ የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው። ኅዳር አምስት ሊመጣ አሥራ አንድ ቀን ቀርቶታል። ሐኪሙ ፊት ስንቀርብ በጠረጴዛው ላይ የሚያገኘው የእርስዎን ሪፖርትና የቃለ ጉባኤ ቁጥር አራትን ነው፤ በእነርሱ ከፈረደ ሲሳይነሽ ከእንግዲህ ዕድሜዋን ሙሉ ስትተኛና ስትወድቅ ትኖራለች፤ በሚቀጥለውም ጊዜ ወንዙ ዳር ሴቶች ላይኖሩ ይችላሉ። ስለዚህ ያን ሪፖርት ያንሱት። ሃያ አራቱን ክኒን ሲሳይነሽ አልወሰደችም ብለው በእጅዎ አንድ መስመር ይጻፉ። ማን እንደወሰደው ባይጽፉም ግድ የለኝም፤ ፈረሱ ቂም አይዝም።

ካልጻፉ ግን አለኸኝ ያጻፈው ማመልከቻ አለ። የሊጡን፣ የስሌቱንና የትከሻውን ነገር ዘርዝሮ፣ ሁለት ምስክር ባሉበት ፈርሞበታል። እኔ በሥራ ዘመኔ ከጻፍኳቸው ሁሉ አጭሩና ጥሩው እርሱ ነው። ይህን ደብዳቤ በመጻፌ ፀረ ሕዝብ ልባል እንደምችል አውቃለሁ፤ ስለዚህም በሶዬን አስፈጭቼ፣ አንድ ብርድ ልብስ ጠቅልዬ ከበሩ አጠገብ አስቀምጫለሁ። ሊወስዱኝ የሚመጡ ጓዶች ብዙ እንዳይጠብቁ በማሰብ ነው።

የኮሚቴዎ ማኅተም ክብም ሆነ ሞላላ የተቃና እንዲሆንልዎ፣ የመዝገብዎ ዓምዶች እንዲበረክቱልዎ፣ ሕዝቡም ዶክተር ማለቱን እንዳይተውልዎ እየተመኘሁ፣ ከጥልቅ አክብሮትና ከማይበርድ ቁጣ ጋር፣ በጤና ጣቢያው ደጅ አግዳሚ ላይ ሃያ አንድ ጠዋት በከንቱ የጠበቀችው ሴት ባል፣

ክንፈሚካኤል ታከለ
ራፖር ጸሐፊ

ግልባጭ፦
ለያለአግባብ የመድኃኒት አጠቃቀም ተከላካይ ኮሚቴ አባላት በሙሉ (በአንድ ቀን ከተገናኙ)
ለባሕር ዳሩ ሐኪም
ለወፍጮ ቤት ተራ ጠባቂዎች

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ደብዳቤውን ፈርሜ ከጨረስኩ በኋላ ሁለት ነገር ሰማሁ። አንደኛው፣ ሣጥኑን የሠራው አናጺ እንዳለኝ፣ ሦስቱ ቁልፎች የሚጠብቁት ፊቱን ብቻ ነው፤ ጀርባው በሁለት ብሎን የተያዘ ሳንቃ ስለሆነ በቢላዋ ጫፍም ይፈታል። ሁለተኛው፣ ለታኅሣሡ የአውራጃ ግልቢያ አዲስ ቦራ ፈረስ መግዛትዎ ነው፤ እንኳን ደስ ያለዎ። ትናንት ዓርብ በቀትር በግጦሹ በኩል ሳልፍ የሰፈሩ ፈረሶች ሁሉ ጥላ ሥር ቆመው ያንቀላፋሉ። የእርስዎ ቦራ ብቻ ዓይኑን አፍጥጦ፣ በላብ ተጠምቆ፣ የታሰረበትን ግንድ ይዞራል። ስለዚህ ሰኞ ጠዋት ሲሳይነሽን ይዤ የምመጣው ወደ ኮሚቴው ጽሕፈት ቤት አይደለም፤ የጥቅምት መድኃኒቷ ያለው በረትዎ ውስጥ ስለሆነ ወደዚያው እንመጣለን፤ ቢቻል አንድ ሁለት ክኒን የሚሆን ሊጥ ያስተርፉላት።